በመካነ እንስሳት የሚኖሩ ዝሆኖች የወደፊት ዕጣ

በመካነ እንስሳት የሚኖሩ ዝሆኖች የወደፊት ዕጣ፣ ዝሆኖችን ከዱር ውጭ በአጥር ከልሎ ለሕዝብ ዕይታ ማኖር ይቀጥል ወይስ ይቅር፣ የሚቀጥል ከሆነስ በምን ሁኔታ ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ የሚካሄድ ዓለም አቀፍ ክርክር ነው። በክርክሩ የመካነ እንስሳት አስተዳዳሪዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎች፣ የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች፣ ፍርድ ቤቶችና መንግሥታት ይሳተፋሉ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በርካታ መካነ እንስሳት ዝሆን ማኖር አቁመዋል፤ ሌሎች ደግሞ ብዙ ገንዘብ አውጥተው የዝሆን ግቢያቸውን አስፋፍተዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ከሌሎች እንስሳት ጥያቄ የሚለየው የዝሆን ረጅም ዕድሜ ነው። ዝሆን 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ በ2025 በመካነ እንስሳት የተወለደ ግልገል እስከ 2080ዎቹ ድረስ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ማራባት ዛሬ ቢቆም እንኳ አሁን በአጥር ውስጥ ያሉት ዝሆኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠባቂ፣ ሐኪምና ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል።

የዝሆን ተፈጥሮና ፍላጎት

ዛሬ በዓለም ላይ ሦስት የዝሆን ዝርያዎች አሉ፤ እነሱም የአፍሪካ ሳቫና ዝሆን፣ የአፍሪካ ጫካ ዝሆንና የእስያ ዝሆን ናቸው። በመካነ እንስሳት በብዛት የሚታዩት የሳቫናውና የእስያው ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2021 የሳቫናውን ዝሆን ለመጥፋት ከተቃረቡት፣ የጫካውን ደግሞ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መድቧል። የእስያ ዝሆንም ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ነው። በ2016 የወጣ የኅብረቱ ሪፖርት የአፍሪካን ዝሆኖች ቁጥር ወደ 415 ሺህ ገምቶታል። በዱር የሚኖሩ የእስያ ዝሆኖች ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ ይገመታሉ። ከእነዚህ ሌላ በእስያ አገሮች ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ዝሆኖች ለግንድ ሥራ፣ ለቱሪዝምና ለሃይማኖታዊ በዓላት በሰው እጅ ይኖራሉ።

የእንስት ዝሆን ሕይወት በቤተሰብ ላይ የተመሠረተ ነው። አያት፣ እናት፣ እኅቶችና ልጆቻቸው በአንዲት አንጋፋ እንስት እየተመሩ ዕድሜ ልካቸውን አብረው ይኖራሉ። ወንዶቹ ከ12 እስከ 15 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከቤተሰቡ ይለያሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ወይም ከሌሎች ወንዶች ጋር ይሰማራሉ። እርግዝና 22 ወር ያህል ይወስዳል፤ አንዲት እናት በአብዛኛው በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ አንድ ግልገል ትወልዳለች።

ዝሆኖች የሰው ጆሮ በማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይግባባሉ። በ2024 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በኬንያ አምቦሴሊና ሳምቡሩ የተቀዱ 469 ድምፆችን በኮምፒውተር መርምረው፣ ዝሆኖች አንዳቸው ሌላውን ስም በሚመስል የተለየ ጥሪ እንደሚጠሩ የሚያመለክት ውጤት አግኝተዋል።

አንድ አዋቂ ዝሆን በቀን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሣር፣ ቅጠልና ቅርፊት ይበላል። ይህን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜውን ሲጓዝና ሲለቅም ያሳልፋል። የአንድ መንጋ መሰማሪያ እንደ ውሃውና እንደ ግጦሹ ሁኔታ ከጥቂት አሥር እስከ ብዙ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ሰፊ መሬት፣ የማይበተን ቤተሰብና ቀኑን የሚሞላ ሥራ የዝሆን መሠረታዊ ፍላጎቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው በአጥር ውስጥ ሊሟላ ይችላል የሚለው የክርክሩ ዋና ነጥብ ነው።

ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መካነ እንስሳት ዝሆኖችን የሚያገኙት ከነጋዴዎችና ከአዳኞች በመግዛት ነበር። ከሁሉ የታወቀው ጃምቦ የተባለው የአፍሪካ ዝሆን ነው። ጃምቦ በሕፃንነቱ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን ምድር ተይዞ ወደ አውሮፓ እንደተወሰደ ይነገራል። ፓሪስ ቆይቶ በ1865 ወደ ለንደን መካነ እንስሳት ገባ፤ በዚያም ሕፃናትን በጀርባው እያዘለ ዝነኛ ሆነ። በ1882 ለአሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ለፒ. ቲ. ባርነም ተሸጠ፤ በ1885 በካናዳ ኦንታሪዮ ባቡር ገጭቶት ሞተ። በብዙ አገሮች እስከ ዛሬ ትልቅ ነገር «ጃምቦ» የሚባለው በእሱ ስም የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝሆኖች ብቻቸውን ወይም ሁለት ሁለት ሆነው በጠባብ ቤት ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ብዙውን ጊዜም እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ ይኖሩ ነበር። መራባት ብርቅ ነበር። በ1962 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ የተወለደው ፓኪ የተባለ የእስያ ዝሆን በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ከ44 ዓመት በኋላ የተወለደ የመጀመሪያው ግልገል ነበር። ፓኪ መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ2017 ሕይወቱ እንዲያልፍ ተደርጓል። በ1999 በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተፀነሰ የእስያ ዝሆን ተወለደ። በሚቀጥለው ዓመት በኢንዲያናፖሊስ መካነ እንስሳት በተመሳሳይ ዘዴ የአፍሪካ ዝሆን ተወልዷል።

የአያያዝ ዘዴውም ተለውጧል። ቀደም ሲል ጠባቂዎች ከዝሆኑ ጋር በአንድ ግቢ እየገቡ ጫፉ ሹል ሜንጦ ባለው ዱላ ያዙት ነበር። ይህ ዘዴ ለዝሆኑም ለጠባቂውም አደገኛ ነው። በ2001 በለንደን መካነ እንስሳት አንድ ጠባቂ በዝሆን ተገድሏል። በዚያው ዓመት ዝሆኖቹ ከከተማው ወጥተው ሰፊ መሬት ወዳለው ወደ ዊፕስኔድ ተዛወሩ። በዚህም ከ1831 ጀምሮ የቆየው በለንደን መካነ እንስሳት ዝሆን የማኖር ልማድ አብቅቷል። በአሁኑ ጊዜ ብዙ መካነ እንስሳት ጠባቂውና ዝሆኑ በብረት አጥር ተለያይተው፣ ዝሆኑ በምግብ ማበረታቻ እግሩን ለሐኪም እንዲሰጥ የሚሠለጥንበትን ዘዴ ይጠቀማሉ።

የዕድሜና የጤና ጥያቄ

በክርክሩ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ ሮስ ክላብ፣ ጆርጂያ ሜሰንና ባልደረቦቻቸው ከ4,500 በላይ ዝሆኖችን መረጃ አነጻጽረዋል። በውጤታቸው መሠረት ከ1960 እስከ 2005 በአውሮፓ መካነ እንስሳት የኖሩ የአፍሪካ እንስት ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 16.9 ዓመት ነበር። በኬንያ አምቦሴሊ ብሔራዊ ፓርክ በተፈጥሮ ምክንያት የሞቱት ግን 56 ዓመት ነበር፤ በሰው እጅ የተገደሉት ሲጨመሩም 35.9 ዓመት ሆኗል። ለእስያ ዝሆኖች የተገኘው ቁጥር በመካነ እንስሳት 18.9 ዓመት፣ በበርማ የግንድ ሥራ ላይ በተሰማሩት ደግሞ 41.7 ዓመት ነው።

የመካነ እንስሳት ባለሙያዎች ጥናቱ አሮጌውን ዘመን እንደሚያንፀባርቅና አያያዙ ከዚያ ወዲህ እንደተሻሻለ ይከራከራሉ። የጥናቱ ደራሲዎችም የአፍሪካ ዝሆኖች ዕድሜ በጊዜ ሂደት መሻሻል እንዳሳየ ገልጸው ነበር፤ በኋላ የወጡ ጥናቶችም የመሻሻል አዝማሚያ አሳይተዋል። ሌላው ወገን ደግሞ የዝሆንን ዕድሜ በትክክል ለመለካት ብዙ አሥርት ዓመታት ስለሚወስድ፣ አዲሶቹ ግቢዎች የሚሰጡት ውጤት ገና ሙሉ በሙሉ እንዳልታየ ይናገራል።

በመካነ እንስሳት ዝሆኖች ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩት የጤና ችግሮች የሚከተሉት ናቸው፦

የእግርና የመገጣጠሚያ በሽታ፦ ብዙ ቶን የሚመዝን እንስሳ ጠንካራ ወለል ላይ ሲቆም ጥፍሩና መዳፉ ይቆስላል፤ መገጣጠሚያውም ይጎዳል። ችግሩ ብዙ አረጋውያን ዝሆኖችን ለሞት አድርሷል። አዳዲስ ግቢዎች በሲሚንቶ ፋንታ ወፍራም አሸዋ የሚያነጥፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ውፍረትና መካንነት፦ ምግብ ሳይለፋ የሚቀርብለት ዝሆን ይወፍራል። ብዙ የአፍሪካ እንስት ዝሆኖችም በመካነ እንስሳት ውስጥ የመራቢያ ዑደታቸው ይቋረጣል።

ተደጋጋሚ ባሕርይ፦ ዝሆኑ ያለ ምክንያት ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ወይም ራሱን ሲነቀንቅ ይውላል። በ2016 ታትሞ የወጣ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ይህ ባሕርይ ከመብላት ቀጥሎ በብዛት የታየ ድርጊት መሆኑን አመልክቷል። ከሌሎች ተለይተው የሚቆዩ ዝሆኖች ላይ ሲበዛ፣ ከግልገሎች ጋር አብረው በሚውሉት ላይ ግን ቀንሶ ተገኝቷል።

የሄርፐስ ቫይረስ፦ ኢ.ኢ.ኤች.ቪ. በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የዝሆን ሄርፐስ በተለይ የእስያ ግልገሎችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። በሽታው በዱርም ይገኛል። በ1995 በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ እንስሳት የሞተችው ኩማሪ የተባለች ግልገል ቫይረሱ እንዲታወቅ ምክንያት ሆናለች።

የብቸኝነት ጉዳት በቁጥር ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ኤቨርላንድ መናፈሻ የሚኖር ኮሺክ የተባለ የእስያ ዝሆን ኩምቢውን አፉ ውስጥ ከትቶ አምስት የኮሪያ ቃላትን በሰው ድምፅ እንደሚያስመስል በ2012 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። ኮሺክ በልጅነቱ ለአምስት ዓመት ያህል በመናፈሻው ብቸኛው ዝሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ የሰውን ድምፅ የተማረው ሌላ የሚግባባው ባለማግኘቱ፣ ከጠባቂዎቹ ጋር ለመቀራረብ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል።

እንዲቀጥል የሚቀርቡ ምክንያቶች

የመካነ እንስሳት ደጋፊዎች ዋና ዋና ምክንያቶች ምርምር፣ ትምህርትና ገንዘብ ናቸው። ዝሆኖች ሰው በማይሰማው ድምፅ እንደሚነጋገሩ የታወቀው በ1984 ኬቲ ፔይን በፖርትላንድ መካነ እንስሳት ባደረገችው ምልከታ ነው። ፔይን በዝሆኖቹ ቤት አጠገብ ቆማ በአየሩ ውስጥ ርግብግቢት ከተሰማት በኋላ ድምፁን በመሣሪያ ቀድታ አረጋገጠች። በዱር ያሉትን ዝሆኖች በድምፃቸው መከታተል የተቻለው ከዚህ ግኝት በመነሣት ነው።

በሄርፐስ ላይ የሚደረገው ምርምርም በአብዛኛው በመካነ እንስሳት ካሉ ዝሆኖች የተገኘ ነው። የሂዩስተን መካነ እንስሳትና ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ በጋራ ባዘጋጁት ክትባት በ2024 ቴስ የተባለች ዝሆን የመጀመሪያዋ ተከታቢ ሆናለች። በእንግሊዝ የቼስተር መካነ እንስሳትም ከሰሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሌላ ክትባት ይሞክራል። ክትባቱ ከተሳካ በእስያ ዱር ያሉትን ግልገሎች ሊጠቅም እንደሚችል ተስፋ ይደረጋል።

ደጋፊዎች ሌላ የሚያነሡት ምክንያት ሰው ያላየውን ነገር ለመጠበቅ አይነሣም የሚል ነው። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎብኚዎች ከሚከፍሉት የመግቢያ ዋጋ የተወሰነው ለዱር ዝሆኖች ጥበቃ ይውላል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው አንድ አዲስ የዝሆን ግቢ የሚያስወጣው ገንዘብ በአፍሪካና በእስያ ሰፊ የዱር መሬት ሊያስጠብቅ እንደሚችል ይከራከራሉ። በመካነ እንስሳት የተወለዱ ዝሆኖችን በመደበኛነት ወደ ዱር የሚመልስ ፕሮግራም አለመኖሩንም ይጠቅሳሉ። በዚህ ረገድ የተሻለ ልምድ ያለው በኬንያ በ1977 የተመሠረተው የሼልድሪክ የዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ድርጅቱ እናታቸው የሞተችባቸውን የዱር ግልገሎች አሳድጎ በጻቮ አካባቢ ካሉ መንጋዎች ጋር ይቀላቅላል።

የሚዘጉና የሚሰፉ ግቢዎች

በ2004 የዲትሮይት መካነ እንስሳት ዊንኪና ዋንዳ የተባሉትን ሁለት የእስያ ዝሆኖች ወደ መጠለያ እንደሚልክ አስታወቀ። የመካነ እንስሳቱ ኃላፊ ሮን ኬጋን የሰጡት ምክንያት የሚሺጋን ረጅም ክረምት ዝሆኖቹን ለብዙ ወራት ቤት ውስጥ እንደሚያስቀምጣቸውና የመገጣጠሚያ ሕመማቸውን እንደሚያባብስ ነበር። ዝሆኖቹ በ2005 ካሊፎርኒያ ወደሚገኝ መጠለያ ተወሰዱ። የሳን ፍራንሲስኮ መካነ እንስሳትም በዚያው ጊዜ አካባቢ ዝሆኖቹን ወደዚያው መጠለያ ልኳል። በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት በ2011 ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ፤ ቶካ፣ ቲካና ኢሪንጋ የተባሉት ሦስት የአፍሪካ ዝሆኖች በ2013 በከባድ መኪና ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዙ። የኦክላንድ መካነ እንስሳት ደግሞ በ2024 የመጨረሻውን ዝሆኑን ኦሽን ወደ ቴነሲ መጠለያ ሸኝቷል።

የሎስ አንጀለስ ታሪክ ብዙ ገንዘብ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ያሳያል። መካነ እንስሳቱ በ42 ሚሊዮን ዶላር ያሠራውን የእስያ ዝሆኖች ግቢ በ2010 ከፈተ። በ2012 አንድ ዳኛ የዝሆኖቹ ኑሮ ጥሩ እንዳልሆነ ፈርደው ነበር፤ ግቢው ግን እንዲዘጋ አላዘዙም። በኋላ ሁለት አረጋውያን ዝሆኖች ሞቱና ቢሊና ቲና ብቻ ቀሩ። የአሜሪካ መካነ እንስሳትና አኳሪየሞች ማኅበር አንድ ግቢ ቢያንስ ሦስት ዝሆኖች እንዲኖሩት ስለሚጠይቅ፣ ሁለቱ በ2025 ሰፋ ያለ መንጋ ወዳለበት ወደ ታልሳ መካነ እንስሳት ተዛወሩ። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ወደ መጠለያ እንዲሄዱ ጠይቀው የነበረ ቢሆንም አልተሳካላቸውም።

በሌላ በኩል የዙሪክ መካነ እንስሳት በ2014 የከፈተው የዝሆን ግቢ 11 ሺህ ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ዝሆኖቹ በቤተሰብ ተመድበው ይኖራሉ፤ ምግባቸውም በተለያየ ሰዓት ከሚከፈቱ ሣጥኖች ስለሚወጣ ለማግኘት መንቀሳቀስ አለባቸው። ይህ ግቢ ከምሳሌዎቹ አንዱ ሆኖ ሲጠቀስ ቆይቷል። ሆኖም በ2022 በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት ዝሆኖች በሄርፐስ ሞተውበታል።

ቤተሰብን በአንድነት የማኖር ጥቅም በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ሳፋሪ ፓርክ በሚያዝያ 2025 ታይቷል። የ5.2 መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት አዋቂዎቹ የአፍሪካ ዝሆኖች ግልገሎቹን መካከል አድርገው ፊታቸውን ወደ ውጭ በማዞር ክብ ሠሩ። በግቢው ካሜራ የተቀዳው ይህ ድርጊት በዱር ያሉ መንጋዎች አደጋ ሲመጣ የሚያደርጉት ነው።

በመንግሥት ደረጃ የሕንድ ማዕከላዊ የመካነ እንስሳት ባለሥልጣን በ2009 በመካነ እንስሳትና በሰርከስ ያሉ ዝሆኖች ወደ ሰፋፊ ካምፖች እንዲዛወሩ ወስኗል። ውሳኔው ግን በሁሉም ቦታ አልተተገበረም። ከዚምባብዌ በስጦታ ወደ ዴልሂ የመጣው ሻንካር የተባለ የአፍሪካ ዝሆን ጓደኛው ከሞተች በኋላ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ኖሮ በ2025 ሞቷል። በታላቋ ብሪታንያ በ2025 የወጣው አዲስ ደንብ ደግሞ የዝሆን ግቢ ቢያንስ 20 ሺህ ካሬ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህም ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ነው። መካነ እንስሳቱ ይህን እስከ 2040 ማሟላት አለባቸው። መሬት የሌላቸው ግቢዎች በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ከዝሆን እንደሚወጡ ይጠበቃል።

መጠለያዎች

በዚህ ክርክር ውስጥ «መጠለያ» የሚባለው ከመካነ እንስሳትና ከሰርከስ የወጡ ዝሆኖች የሚጦሩበት ሰፊ የታጠረ መሬት ነው። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በ1995 የተመሠረተው መጠለያና በካሊፎርኒያ ሳን አንድሪያስ የሚገኘው ከቀደምቶቹ ናቸው። በብራዚል ማቶ ግሮሶ ግዛት የሚገኘው መጠለያ ከ2016 ጀምሮ ዝሆኖችን ይቀበላል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ማራ የተባለች ዝሆን ከቦነስ አይረስ በመኪና ወደዚያ ተወስዳለች። በሐምሌ 2025 ኬንያ የተባለችው ዝሆን ከሜንዶዛ ስትወጣ አርጀንቲና በአጥር ውስጥ የሚኖር ዝሆን የሌላት አገር ሆነች።

መጠለያዎች በአብዛኛው ዝሆን አያራቡም፤ ለጎብኚም ክፍት አይደሉም። ስለዚህ የሚኖሩት በልገሳ ነው። የመካነ እንስሳት ባለሙያዎች በአንዳንድ መጠለያዎች የሳንባ ነቀርሳ መገኘቱን፣ ረጅሙ ጉዞ ለአረጋዊ ዝሆን ከባድ መሆኑንና አዲስ የመጡት ከነባሮቹ ጋር ለመስማማት መቸገራቸውን ያነሣሉ። የመጠለያ ደጋፊዎች ደግሞ ዝሆኑ ቢያንስ ቀሪ ዘመኑን በአፈርና በሣር ላይ፣ የሚሄድበትን ራሱ እየመረጠ እንደሚያሳልፍ ይመልሳሉ።

ከዱር ማምጣት

በመካነ እንስሳት የሚወለዱት ከሚሞቱት ካነሱ ግቢዎቹ ባዶ እንዳይሆኑ አዲስ ዝሆን ከዱር ማምጣት ያስፈልጋል። በ2003 ከኢስዋቲኒ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ስዋዚላንድ፣ 11 ዝሆኖች ወደ ሳን ዲዬጎና ወደ ታምፓ ተወሰዱ። በ2016 ደግሞ ከዚያችው አገር 17 ዝሆኖች ወደ ዳላስ፣ ዊቺታና ኦማሃ ተጓጓዙ። ላኪዎቹ በፓርኩ ውስጥ ግጦሽ ስላነሰ ዝሆኖቹ መገደል ወይም መውጣት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ተቃዋሚዎች ግን በአፍሪካ ውስጥ ሌላ ቦታ ሊፈለግላቸው ይገባ ነበር ብለዋል። ዚምባብዌ ከ2012 ጀምሮ ከ100 በላይ ወጣት ዝሆኖችን ወደ ቻይና ልካለች።

ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ማለትም ሳይተስ፣ በነሐሴ 2019 ጄኔቫ ላይ ባደረገው ጉባኤ በዱር የተያዙ የአፍሪካ ዝሆኖች ከተፈጥሯዊ መኖሪያቸው ውጭ ወደሆኑ አገሮች እንዳይላኩ በ87 ድጋፍ፣ በ29 ተቃውሞና በ25 ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ። ውሳኔው ለልዩ ሁኔታዎች ጠባብ በር ትቷል። ናሚቢያ በ2022 ውሳኔው እሷን አይመለከትም በሚል አቋም 22 ዝሆኖችን ወደ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ልካለች።

በፍርድ ቤት

ሃፒ የተባለችው የእስያ ዝሆን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታይላንድ በግልገልነቷ ተይዛ በ1977 ወደ ኒው ዮርክ ብሮንክስ መካነ እንስሳት መጣች። በ2006 በታተመ ጥናት ሃፒ ግንባሯ ላይ የተቀባውን ምልክት በመስተዋት አይታ በኩምቢዋ ነካችው፤ ይህም ራሷን በመስተዋት ለይታ እንደምታውቅ ማስረጃ ሆኖ ተወሰደ። በዚያው ዓመት መካነ እንስሳቱ አዲስ ዝሆን እንደማያመጣ አስታወቀ። ሃፒ ጓደኞቿ ከሞቱ በኋላ ከቀረችው ዝሆን በአጥር ተለይታ መኖር ጀመረች።

በ2018 ኖንሂዩማን ራይትስ ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት ለሰው እስረኞች የተደነገገውን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ በሃፒ ስም አቀረበ። በመካነ እንስሳቱ የተገኘው የመስተዋቱ ጥናት ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ ነበር። የኒው ዮርክ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 በ5 ለ2 ድምፅ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። አብላጫዎቹ ዳኞች ዝሆን አስተዋይና እንክብካቤ የሚገባው እንስሳ መሆኑን ተቀብለው፣ ይህ መብት ግን የሰው ብቻ ነው ብለዋል። ሁለቱ ተቃዋሚ ዳኞች ሮዋን ዊልሰንና ጄኒ ሪቬራ ነበሩ። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥር 2025 በሻየን ማውንቴን መካነ እንስሳት ያሉ አምስት ዝሆኖችን በሚመለከት ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል።

በፓኪስታን ውጤቱ የተለየ ነበር። ካቫን የተባለው ወንድ ዝሆን በ1985 ከስሪላንካ በስጦታ ወደ ኢስላማባድ መጥቶ፣ ጓደኛው ሳሄሊ በ2012 ከሞተች በኋላ ብቻውን ቀረ። የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ካቫን ወደ ተሻለ ቦታ እንዲዛወር አዘዘ። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ካምቦዲያ ተወስዶ በሰሜናዊው የአገሪቱ ክፍል ወደሚገኝ መጠለያ ገባ። እዚያ እንደደረሰ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ዝሆን በኩምቢው ነካ።

ኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው መካነ እንስሳት የሚታወቀው በአንበሶቹ ነው፤ የኢትዮጵያ ዝሆኖች ጥያቄ በዋናነት የዱር ጥያቄ ነው። ዝሆኖች በባቢሌ፣ በጨበራ ጩርጩራ፣ በማጎ፣ በኦሞ፣ በጋምቤላና በቃፍታ ሽራሮ ይገኛሉ። በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ውስጥ ወደ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ስሙ «መጠለያ» ይባል እንጂ ከላይ ከተገለጹት የታጠሩ ቦታዎች ይለያል፤ ዝሆኖቹ በዱር የሚኖሩ ሲሆን የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት እንዲሁም ሕገ ወጥ አደን መኖሪያቸውን አጥብበውታል። የኢትዮጵያ ዝሆኖች በሳይተስ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ለንግድ ሊላኩ አይችሉም። እንደ ባቢሌ ባሉ ቦታዎች የጎደለው መሬትና ሰላም እንጂ በአጥር ውስጥ የሚራባ ዝሆን አለመሆኑን የመካነ እንስሳት ተቃዋሚዎች ይጠቅሳሉ፤ ደጋፊዎች ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጥበቃ የሚሆን ገንዘብ የሚሰበሰበው ዝሆን ካየ ሕዝብ ነው ይላሉ።

ወደፊት

ከላይ የተዘረዘሩት ለውጦች ወደ ጥቂት አቅጣጫዎች ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ዝሆን የሚያኖሩ ግቢዎች በቁጥር እያነሱ፣ የቀሩት ግን በስፋትና በመንጋ ብዛት እያደጉ መሄዳቸው ነው። ሁለተኛው ማራባትን አቁሞ ያሉትን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ መጦር ነው። ይህ መንገድ ቀላል ቢመስልም የራሱ ችግር አለው፤ መንጋው በሞት እየሳሳ ሲሄድ የመጨረሻዋ ዝሆን ብቻዋን ትቀራለች። ሦስተኛው ወደ መጠለያ ማዛወር ነው፤ መጠለያዎቹ ግን ሁሉንም ለመቀበል የሚያስችል ቦታና ገንዘብ የላቸውም። የወንዶቹ ጉዳይ በሁሉም መንገድ አስቸጋሪ ነው፤ ከሚወለዱት ግልገሎች ግማሽ ያህሉ ወንድ ሲሆኑ፣ ሲያድጉ ከእናታቸው ተለይተው የሚኖሩበት ጠንካራ ግቢ ይፈልጋሉ።

ቴክኖሎጂም አማራጭ እየሆነ ነው። በጀርመን ሮንካሊ የተባለው ሰርከስ እንስሳትን ትቶ በብርሃን የተሠራ የዝሆን ምስል ለተመልካች ያሳያል። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኬቲ ፔይን በ1999 የመሠረተችው ፕሮጀክት በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ የድምፅ መቅጃዎችን ተክሎ የጫካ ዝሆኖችን ይከታተላል። ይህም ዝሆኖችን በአጥር ሳይከልሉ ማጥናት የሚቻልበት አንዱ መንገድ ነው።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ዛሬ በአጥር ውስጥ የሚኖሩት ዝሆኖች አብዛኞቹ ወደ ዱር አይመለሱም። ለእነሱ የሚቀረው ጥያቄ ምን ያህል መሬት፣ ከእነማን ጋርና እስከ መቼ የሚለው ነው።